ሞተሩ ሳይሞቅ ይታይ

ገዢው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በቀጠሮው ደረሰ እንበል። ቮልሷ ከግቢ ወጥታ ደጅ ላይ ቆማለች። ታጥባለች፣ ጎማዋ ተወልውሏል፣ ቀለሟ ከሩቅ ያበራል። ሞተሯም እየሠራ ነው። ሻጩ ፈገግ ብሎ «እናንተ እስክትመጡ ላሙቃት ብዬ ነው» ይላል። ደላላው ቀበል አድርጎ «የሞተሩን ነገር ተዉት፣ እንደ ሰዓት ነው» ይላል። ገዢው በሩን ከፍቶ ይዘጋል፣ የበሩን ድምፅ ይወደዋል፣ ወንበሩን ይዳብሳል፣ በልጅነቱ የሰፈር አስተማሪ ይነዷት የነበረች አንዲት ነጭ ቮልስ ትዝ ትለዋለች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስለ ቀብድ ይወራል።

እዚህ ቦታ ላይ ገዢው ከሁሉ በላይ ማየት የነበረበትን ነገር ገና ሳይመጣ አጥቶታል። ያረጀ ሞተር ገመናውን የሚያወጣው ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ሲቀሰቀስ ነው። ያለቀ ፋሻ፣ የላላ ቫልቭ፣ የተበላ ብረት ሁሉ የሚታወቀው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ነው። ስንት ጊዜ አሽከርክሮ ተነሳ? ሲነሳ ምን ዓይነት ጭስ አወጣ? ጭሱ ቆመ ወይስ ቀጠለ? ምን አንኳኳ? ከሞቀ በኋላ ብረቱም ዘይቱም ቦታ ቦታቸውን ይይዙና ሞተሩ ጨዋ ይመስላል። ሻጩ ሆን ብሎ አታሏል ማለት አይደለም። በቅንነት አሙቆት ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ የገዢው የመጀመሪያ ጥያቄ ከዋጋ በፊት መቅረብ አለበት፤ «እኔ እስክደርስ ሞተሩ እንዳይነሳ።» በስልክ፣ ከዋዜማው ጀምሮ። ሲደርስም እጁን ሞተሩ ላይ ያሳርፍ። ለብ ካለ ቀጠሮው ለነገ ጠዋት ይዛወር። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ የሚሸጠው መኪና ሳይሆን ሎተሪ ነው።

ነገሩ የአሮጌ መኪና ወዳጆች ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ የገበያውን ሁኔታ ይመልከት። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። ጥር 2016 ዓ.ም ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ይፋ አደረጉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። የእነዚህ ሦስት ነገሮች ድምር፣ አገር ውስጥ ያለው የነዳጅ መኪና፣ ያረጀውም ጭምር፣ እንደ ቤትና እንደ ወርቅ ገንዘብ ማስቀመጫ ሆነ። ቮልስ የሚገዛው ሰው ሀብታም ሰብሳቢ ብቻ አይደለም። እቁብ የደረሰው ባለ ደመወዝ አለ፣ ውጭ ካለች እህቱ ገንዘብ የተላከለት አለ፣ ከጡረታ በኋላ ለከተማ ውስጥ የምትሆን ነገር የሚፈልግ አለ። እነዚህ ሰዎች ሁለተኛ መኪና ለመግዛት የሚያስችል ገንዘብ የላቸውም። የተሳሳቱ እንደሆነ ብዙ ዓመት ያጠራቀሙት ገንዘብ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል።

ቮልስ ደግሞ በአገራችን ከመኪናም በላይ ትዝታ ናት። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ እንደነበረ የማያውቅ ጥቂት ነው። (ያን ዕለት ሞተሩ ቢከዳ ኖሮ ታሪክ ጸሐፊዎች ምን ይሉ ነበር ማለት ያስቃል።) ትዝታ ግን መጥፎ መካኒክ ነው። ሰው የወደደውን ነገር መመርመር ያፍራል።

እንግዲህ ይህች መኪና በምን ትመረመራለች? የቮልስ ሞተር ውኃም ራዲያተርም የለውም። ከኋላ የተኙ አራት ሲሊንደሮች፣ ሁለቱ በቀኝ፣ ሁለቱ በግራ፣ አንድ ነፋስ የሚነፋ ማራገቢያና ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት፤ ማቀዝቀዣው ይኸው ነው። የዘይት ፊልትር እንኳ የለውም፣ ከሥር ያለች አንዲት የሽቦ ወንፊት ብቻ ናት። ፋብሪካው በየ5000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ቀይሩ ያለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ለቮልስ ዘይት ማለስለሻ ብቻ አይደለም፣ ግማሽ ማቀዝቀዣውም እሱ ነው። ባለቤቱ ለዓመታት ዘይቱን ችላ ያለው ሞተር ውስጡ ምን እንደሚመስል ቀለሙ አይናገርም።

ገዢዎች የዘይቱን ዘንግ መዝዘው «ንጹሕ ነው» ብለው ይረካሉ። ንጹሕ ዘይት የሚያረጋግጠው ትናንት መቀየሩን ነው። ወፍራም ዘይት ተሞልቶም ሊሆን ይችላል፤ ወፍራም ዘይት የሚያንኳኳ ሞተር አፍ ያዘጋል፣ የዘይት መብራትንም ያጠፋል። የተሻለው ዘዴ ከሻጩ ጋር ተስማምቶ ከሥር ያለችውን ወንፊት ማስወረድ ነው። በስድስት ትናንሽ ዳዶዎች የታሰረች ክብ ሳህን ናት። ወንፊቱ ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ፍርፋሪ ከተገኘ ውይይቱ እዚያው ያብቃ። የፈሰሰውን አዲስ ዘይት ገዢው ይክፈል። ከዚህ የረከሰ ምርመራ የለም።

ሌላው በእጅ ብቻ የሚሠራ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከታች ያለውን ትልቁን ፑሌጃ፣ ቺንጋው የሚዞርበትን፣ በሁለት እጅ ይዞ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ መግፋትና መሳብ ነው። ጤናማ ሞተር ላይ ምንም የሚሰማ ነገር ሊኖር አይገባም። ፋብሪካው የሚፈቅደው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ሲሆን 0.15 ላይ ሞተሩ ይታደስ ይላል። ይህ ከሁለት ቅጠል ወረቀት ውፍረት ያነሰ ነው። «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ክራንክ ሻፍቱ ማረፊያውን በልቶታል። ያንን ለማስተካከል ሞተሩ ወርዶ ለሁለት መከፈል አለበት። ይህን ለማየት አሥር ሰከንድ ይበቃል፣ ሳያዩ የሚገዙ ሰዎች ብዛት ግን ያስገርማል።

ከዚያ ይነሳ። እዚህ ላይ ለሻጭም ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። የቮልስ ሲሊንደሮች የተኙ ስለሆኑ ብዙ ቀን የቆመች ቮልስ ስትነሳ ለጥቂት ሰከንድ ሰማያዊ ጭስ ብታወጣ ሞት አይደለም፤ ወደ ሲሊንደር የሰረገ ዘይት ነው የተቃጠለው። ጭሱ ካልቆመ፣ ወይም ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ተለቆ እንደገና ሲረገጥ ከማርሚታው ሰማያዊ ደመና ከወጣ ግን ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። ሚኒሞ ላይ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ጭስ «ፑፍ ፑፍ» እያለ ፊት ላይ ከተነፈሰም ፋሻው አልቋል ማለት ነው።

ድምፅን በተመለከተ ገዢዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ጸጥ ያለች ቮልስ ጥሩ ትመስላቸዋለች። የቮልስ ቫልቭ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በ0.15 ሚሊ ሜትር ክፍተት የሚስተካከል ነው፣ ቀለል ያለ ማንኳኳት ተፈጥሮው ነው። ያንን ድምፅ ለማጥፋት ቫልቩን ጠበቅ ማድረግ ይቻላል። ለሁለት ቀን ደስ ይላል፣ በሁለት ወር ቫልቩ ይቃጠላል። በጣም ጸጥ ያለችውን ቮልስ ያየ ገዢ ደስ ከሚለው ይልቅ ክፍተቱን ያስለካ።

በተለይ ሦስተኛውን ሲሊንደር። በግራ በኩል፣ ወደ መኪናው ፊት የሚቀርበው ነው። እስከ 1970 እ.ኤ.አ. በተሠሩት ሞተሮች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ማራገቢያው ሳጥን ውስጥ ተተክሎ ወደዚህ ሲሊንደር የሚሄደውን ነፋስ ይሻማዋል። ሲሊንደሩ ከጓደኞቹ ይልቅ ይሞቃል፣ የጭስ ማስወጫ ቫልቩም ቀድሞ ይደክማል፣ አንዳንዴ አንገቱ ተቆርጦ ፒስተኑን ይበሳል። በኋላ የመጡት ሞተሮች ማቀዝቀዣውን ለብቻው አደረጉት። በአሮጌዎቹ ላይ ግን ይህ ጉዳይ ዛሬም እንዳለ ነው፤ በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ቆርቆሮዎችና ጎማዎች «አያስፈልጉም» ተብለው ከወለቁ ደግሞ ይብሳል። ጎማዎቹ የሚጠብቁት ትኩሱ አየር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው እንዳይገባ ነው። የጎደለ ቆርቆሮ ያላት ቮልስ በሽታዋን ለዓይን እያሳየች ነው።

የመጨረሻው መለኪያ ኮምፕሬሽን ነው፤ አከራካሪውም እሱ ነው። አራቱም ካንዴላዎች ይወጣሉ፣ የነዳጁ ፔዳል እስከ ወለል ይረገጣል፣ ሞተሩ በባትሪ ይሽከረከራል፣ ጌጁ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ጉልበት ያነባል። ይህ የሚደረገው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ስለሆነ ከጠዋቱ ምርመራና ከመንዳቱ ቀጥሎ ይመጣል። እዚህ አንዳንድ መካኒክ የጀርመኑን መጽሐፍ ከፍቶ «ከመቶ በታች ነው፣ ሞቷል» ይላል፤ ገዢው ደንግጦ ይሸሻል ወይም ዋጋ ያስወርዳል። መጽሐፉ የተጻፈው ግን ባሕር ጠረፍ ላይ ላለ አየር ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ነች፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። እዚያ 120 የሚያሳይ ጤናማ ሲሊንደር እዚህ ወደ 90 ገደማ ቢያነብ ምንም አልሆነም። ያው ሞተር ድሬዳዋ ቢወርድ ከመቶ በላይ ያሳያል። ስለዚህ ቁጥሩ ከመጽሐፉ ጋር ሳይሆን አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርሳቸው ይወዳደሩ። ሦስቱ 90፣ 90፣ 88 ብለው አንዱ 55 ካለ እዚያ ችግር አለ። በዚያ ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና መለካት ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ያለቀው ፋሻ ነው፣ ካልተነቃነቀ ቫልቩ ነው። ቫልቭ ቴስታታ በማውረድ ይሠራል። ፋሻ ከዚያ የጠለቀ ነገር ነው።

መንዳቱስ? ቦሌ መንገድ ላይ አምስት ደቂቃ መንሸራሸር ፈተና አይባልም። ከለገሃር ተነስቶ የቸርችልን ጎዳና ወደ ፒያሳ ሁለት ጊዜ ያውጣት። ላይ ደርሶ ሲቆም፣ ሚኒሞ ላይ፣ የዘይት መብራቱን ይመልከት። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ የዘይቱ ግፊት ወርዷል፣ ያ መብራት የሚበራው ግፊቱ ከሞላ ጎደል ሲያልቅ ነውና። ቁልፉ ሲከፈትና ሞተሩ ገና ሳይነሳ መብራቱ መብራቱንም አስቀድሞ ያረጋግጥ። አምፖል ማውለቅ ቀላል ነው።

እስከዚህ ያለው ሁሉ ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ የሚጠይቀውም አንድ ታማኝ መካኒክ ነው። ታዲያ ሰው ለምን አያደርገውም? መልሱ ከሞተር ጋር አይገናኝም። ይሉኝታ ነው። ሻጩ ሽማግሌ ናቸው፣ ቡና አፍልተዋል፣ በዘመድ በኩል ነው የተገናኙት። «ኮምፕሬሽን ልለካ» ማለት «አላመንኩዎትም» ማለት ይመስለዋል። በአገራችን ሰውን በፊቱ አለማመን ነውር ነው፣ ስለዚህ ገዢው ዝም ብሎ ይገዛና በኋላ ከኋላው ያማል። ይህ ጨዋነት አይባልም። ከግዢው በኋላ የሚመጣው ኩርፊያና ሽምግልና ከአንድ ጠዋት ምርመራ ይልቅ ዝምድናን ይጎዳል።

ሁለተኛው ምክንያት መካኒኩ ራሱ ነው። ደላላው «እኔ የማውቀው የቮልስ ሐኪም አለ» ብሎ ይዞት ይመጣል። ያ ሰው ሙያውን ያውቅ ይሆናል፣ ነገር ግን የሚከፈለው መኪናዋ ስትሸጥ ነው። ገዢው የራሱን መካኒክ ይምጣ፣ የሚከፍለውም ተገዛችም አልተገዛችም እኩል ይሁን። ይህች ትንሽ ቅድመ ሁኔታ ብዙ ነገር ትቀይራለች። የገዢ መካኒኮችም ቢሆኑ ሁሉም ንጹሕ አይደሉም፤ የሌለ በሽታ ፈጥረው ዋጋ የሚያስወርዱ፣ ከዚያ ጉርሻ የሚቀበሉ አሉ። በዚህ የሚጎዳው ደግሞ መኪናውን በወጉ የያዘ ሻጭ ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ የተጻፉ አራት የኮምፕሬሽን ቁጥሮች ከማንም ቃል ይሻላሉ። ለሻጩም ቢሆን ጋሻ ናቸው።

ይህ ሻጭ የሚጎዳበት መንገድ ራሱን የቻለ ስም አለው። አሜሪካኖች ገመናው ተሸፍኖ የተሸጠ መኪናን ሎሚ ይሉታል። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ሎሚ ገበያ ጽፎ በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነ። ነገሩ ግልጽ ነው። ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ መካከለኛው ዋጋ ጥሩ ሞተር ላለው ሰው ስለሚያንሰው መኪናውን ይዞ ቤቱ ይቀመጣል፤ ገበያው ላይ መጥፎዎቹ ይቀራሉ። የአዲስ አበባ የቮልስ ገበያ በዚህ ላይ የራሱን ቅመም ጨምሯል። ገዢ የሚከፍለው ለሚያየው ነገር ስለሆነ ሻጭም ገንዘቡን የሚያፈሰው ባትላሜራና ቀለም ላይ ነው። ሞተር ያሳደሰ ሰው ያወጣውን አያገኝም፣ ቀለም ያስቀባ ግን ያተርፋል። ጥፋቱ የሻጮች ብቻ ነው ማለት ታዲያ እንዴት ይቻላል?

አንዳንዶች ይህን ሁሉ ጭንቀት ይስቁበታል። የቮልስ ሞተር እኮ በአራት ብሎን ወርዶ በአንድ ሰዓት መሬት ላይ የሚቀመጥ ነው፣ ዕቃው ሶማሌ ተራ ሞልቷል፣ ቢበላሽ ይታደሳል ይላሉ። የመጀመሪያው እውነት ነው፣ መውረዱ ቀላል ነው። ነገር ግን የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ዕቃ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ፣ ጥራቱም እንደ ሠሪው የሚለያይ ነው። ፋሻና ፒስተን ይገኝ ይሆናል። የተሰነጠቀ የሞተር አካል ወይም ጥርሱ የተነቀለ የብሎን ቀዳዳ ግን በየቀኑ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። «ይታደሳል» የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳድሰው በሌላ ሰው ገንዘብ ነው። «ታድሷል» የሚለውም ቢሆን ምኑ ታደሰ፣ መቼ፣ የት ተብሎ ደረሰኙ ይጠየቅ። ቴስታታ ማጽዳትና ክራንክ ሻፍት መቀየር ሁለቱም በአንድ ቃል «ኦቨርሆል» ይባላሉ።

ዓመታዊ ምርመራ አልፋ ቦሎ መለጠፏም የሚያሳምነው ብዙ ሰው አለ። ያ ወረቀት መኪናዋ መንገድ ላይ ለመውጣት መብቃቷን ይመሰክራል። ሞተሯ ስንት ዓመት እንደቀረው የሚናገረው ነገር የለም። ከወረቀት ወገን ይልቅ የሚያስፈልገው የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ማስተያየት ነው። ቁጥሩ ከዲናሞው መቆሚያ ሥር፣ ሞተሩ አካል ላይ ተመትቷል። ለስድሳዎቹ አጋማሽና ከዚያ በኋላ ለተሠሩት በ«ዲ» የሚጀምር 1200 ሲሲ፣ በ«ኤፍ» የሚጀምር 1300፣ በ«ኤች» የሚጀምር 1500 ነው። በሃምሳ ዓመት ውስጥ ሞተር የተቀየረላቸው ብዙ ናቸው፣ በራሱ ጥፋት አይደለም። ሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ ግን ስም ማዛወሩ ቀን የሚጀምረው መንከራተት የገዢው ይሆናል። ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ ደግሞ መሄድ ነው።

ውሉም ይነበብ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ያደርገዋል። ነገር ግን ገዢው እያወቀ ለገዛው ጉድለት ዋስትና የለም፣ ጉድለት ያገኘም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ዋስትናውን በውል ማስቀረትም ይቻላል፤ ሻጩ ጉድለቱን ሆን ብሎ ከደበቀ ብቻ ያ አንቀጽ አያድነውም። ሆን ብሎ መደበቁን የሚያስረዳው ግን ገዢው ነው። ውል ጸሐፊው ዘንድ ከተዘጋጀው ቅጽ ላይ «መኪናውን አይቼና አስፈትሼ ተረክቤያለሁ» የምትል መስመር ብትገኝ፣ ያላስፈተሸ ሰው እየፈረመ ያለው ሐሰት ነው፣ በራሱ ላይ። አስፈትሾ ከሆነ ደግሞ አራቱ ቁጥሮች፣ የኪሎ ሜትሩ ንባብና ቀኑ እዚያው ውሉ ላይ ይጻፉ። ሻጭ ይህን ለመጻፍ ሲያቅማማ ገዢው ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል።

ቀብድ ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሚሰጥ ቀብድ፣ «ሌላ ሰው ሊወስዳት ነው» በሚል ጥድፊያ የሚሰጥ፣ ምላስ ያስራል፤ ገንዘቡን የሰጠ ሰው የብረት ፍርፋሪውን ቢያይ እንኳ ዓይኑን ማመን አይፈልግም። ሌላው ገዢ ከወሰዳት ይውሰዳት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ቮልስ አለች፤ ለዚያችኛዋ ባለቤት አርብ ማታ ይደወልና «ጠዋት እስክመጣ እንዳያስነሷት» ይባል።